የኡሙልኸይር ቆዳ

ሰኔ 11 ቀን 1965 ዓ.ም. ቆቦ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለክሊኒኩ የበሽተኛ መዝገብ እንዲሆን ነበር። መዝገብ ግን ስም፣ ዕድሜና የተሰጠ መድኃኒት ብቻ ነው የሚጠይቀው። እዚያ የማይገባው ነገር በዛብኝና ለራሴ አስቀረሁት።

ዛሬ አራት ሰው ሞተ። ሁለቱ በመኪና መንገዱ ዳር፣ ሁለቱ እኛው ደጅ። ሪፖርቱ ላይ «አጠቃላይ ድካም» ብዬ ሞላሁ። «ረሃብ» ተብሎ እንዳይጻፍ በቃል ተነግሮናል። ማን እንዳዘዘ የሚያውቅ የለም፤ የማይታዘዝም የለም።

ከገበያው ማዶ መጠለያ ተከፍቷል። የቆርቆሮ ጣራ፣ የእሾህ አጥር፣ አንድ በር። በቀን አንድ ጊዜ የስንዴ ንፍሮ ይታደላል። የኮሚቴው ጸሐፊ ታደሰ መጥቶ፣ «ግርማይ፣ ተላላፊ በሽታ ያለበት እንዳይገባብን። የሚያጠራጥር ሲመጣ ወዳንተ እልካለሁ። አንተ ካልፈረምክ በሩ አይከፈትለትም» አለኝ።

እሺ አልኩ። ቁስል አጣቢ ድሬሰር እንጂ ሐኪም አለመሆኔን እሱም ያውቀዋል።

ሙቀቱ አይጣል ነው። «አንተ ሰውዬ እጅጌህን ሰብስበው እንጂ!» አለኝ ታደሰ። ለምጄዋለሁ አልኩት።

ሰኔ 14

ታደሰ አንዲት ሴት ላከብኝ። ዘበኛው በዱላው ጫፍ እየመራ ነው ያመጣት፤ እንዳይነካት። «ቆማጣ ናት» ብሎ በር ላይ ትቷት ሄደ።

ስሟ ኡሙልኸይር ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ስምንት ዓመት የሚሆናት መይሙና የምትባል ሴት ልጅ ይዛለች። አገሯ ከዞብል ተራራ ግርጌ ነው። ከብቱ አልቆ፣ ባሏ የቀረችውን አንዲት ግመል እየነዳ ወደ አፋር ወርዶ ወሬው ጠፍቷል።

ክንዷን ስትገልጥልኝ ከክርኗ እስከ አንጓዋ ቀይ ነው፤ በላዩ ነጭ ቅርፊት እንደ ዓሣ ተነባብሯል። ጉልበቷም፣ ከጆሮዋ ኋላም እንዲሁ። ቅርፊቱን በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ከሥሩ ደም በመርፌ ጫፍ ልክ ነጠብ ነጠብ አለ።

«ይህ ከጀመረሽ ስንት ጊዜው ነው?»

«ይችን ልጅ ስወልድ ነው ጌታዬ። ይመጣል፣ ይሄዳል። አገሬ ላይ ማንም አይሸሸኝም ነበር፤ ያውቁኛላ። እዚህ ማን ያውቀኛል?»

ዓይኗን አስጨፍኜ በጥጥ ነካኋት። «እዚህ ነው» አለች። በመርፌ ነካኋት። «ኧረ ወጉኝ!» ብላ ሳቀች። ቁምጥና የያዘው ቆዳ መርፌ አይሰማውም። የሷ ይሰማዋል። ጣቶቿም ደህና ናቸው።

ይህን በሽታ አውቀዋለሁ። ደሴ ያለው ዶክተር ሙሉጌታ አምና ስለ አንድ ሰው ስጠይቀው ስሙን ጽፎ ሰጥቶኛል። ሶሪያሲስ ይባላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

አልፈረምኩም። «መድኃኒት ልሥራልሽና ሲሽርልሽ እፈርምልሻለሁ» አልኳት።

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ጥቂት ሳምንት።»

ልጇን አየቻት። «እሷ እንኳ ትግባልኝ። ቆዳዋ ንጹሕ ነው። እኔ እጠብቃለሁ» አለች።

ለልጅቷ ፈረምኩ።

ሰኔ 15

ለደብተር ምን እደብቃለሁ። ያ «አንድ ሰው» እኔ ነኝ። ሁለቱም ክርኔ፣ የግራ ጉልበቴና ጭንቅላቴ። ስድስት ዓመት ሆነኝ።

ትላንት «ይህ ቁምጥና አይደለም» ብዬ ብፈርም ታደሰ «በምን አወቅህ?» ይለኛል። መርፌውን ባሳየው አያምንም። ምን ብዬ አስረዳዋለሁ? በጥር ላገባት ወዳሰብኳት ወደ ለተ ሚካኤል ቤተሰቦች ሽማግሌ እልካለሁ። ዘር ሲጣራ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በዘሩ ቁምጥና አለ ወይ?» ነው። የአላማጣ ሰው አንዴ ከሰማ በቃ።

ደግሞም ልሳሳት እችላለሁ። ተሳስቼ ባስገባትና መጠለያው ሁሉ ቢለከፍስ? አይ፣ መጠንቀቁ ይሻላል።

ሰኔ 17

ሼህ ዘይኑዲን ዘንድ ሄድኩ። ገበያ ዳር ቅጠላ ቅጠልና ሥር የሚሸጡ፣ ቆዳና አጥንት በማዳን የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ክሊኒኩ ሰው እንዳይልክላቸው ቢከለክልም እኔ ድሮም በጓሮ በኩል እሄዳለሁ። ባለቤታቸው ራቢዓ ከውስጥ ሆና «አንተ ነህ እንዴ ግርማይ? እንኳን መጣህ» አለችኝ።

ስለ ሴትዮዋ ነገርኳቸው። ስለ ራሴ አልነገርኳቸውም። ዓይናቸው ግን እጅጌዬ ላይ አረፈ።

«ሦስት ነገር እናውቃለን» አሉኝ። «ሬት ያበርዳል። የጥድ ቅጥራን ቅርፊቱን ያረግፋል። ጥቁር አዝሙድ ደግሞ ከሞት በቀር ለሁሉም ሽፋ፣ ፈውስ ናት ተብሏል።»

«አዝሙዱን በምን ነው የምንለውሰው?»

«ደንቡ ቅቤ ነበር። ዘንድሮ ቅቤ ቆዳ ላይ መቀባት ነውር ነው፤ በሰሊጥ ዘይት ይሁን» አሉ።

ሰኔ 20

ቅጥራኑን ሠራን። የዞብል ጥድ ፍልጥ በተሸነቆረ ማሰሮ ጠቅጥቀን አፉን በጭቃ መረግን። ከሥሩ ሌላ ማሰሮ ቀበርን። ከላይ ሲነድበት ውሎ እንደ ማር የወፈረ ጥቁር ነገር ጠብ ጠብ እያለ ወረደ። ሽታው ልብሴን አልለቅ ብሏል። ሬቱን ቆርጠን ቢጫው መራራ ውኃ እስኪወርድለት አንጠለጠልነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቅጥራኑንና የሬቱን ልጋግ በሳምንት ሁለቴ ክሊኒኩ ውስጥ እኔ ራሴ እቀባታለሁ። ጥቁር አዝሙዱን በሰሊጥ ዘይት ለውሼ በጠርሙስ እሰጣታለሁ፤ ማታ ማታ ራሷ ትቀባለች። እኔም ቤቴ በሬን ዘግቼ ያንኑ እቀባለሁ። ደብተሩን ለሁለት ከፈልኩት፤ በስተቀኝ እሷ፣ በስተግራ እኔ። አንድ መድኃኒት፣ ሁለት ሰው።

ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር፤ ዛሬ ደስ አለኝ።

ሰኔ 28

ሰባት ሰው ሞተ። ተቅማጥ ገብቷል። ግሉኮስ የለም። ጨው ሊያልቅ ነው። ከደሴ መኪና አልመጣም።

ኡሙልኸይር፦ ለውጥ የለም። እኔ፦ ለውጥ የለም።

ጠርሙሷን ባዶውን መለሰችልኝ። ጎበዝ ናት፣ አትሰንፍም። ሞላሁላት።

ሐምሌ 5

ማደሪያዋ ከመጠለያው አጥር ውጭ ያለች ግራር ሥር ነው። ከዚያ ሆና ልጇን ታያታለች። ዛሬ ከቤቴ ግማሽ ዳቦ ይዤላት ሄድኩ። «ረቢ ይስጥልኝ» ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች። ዞር ስል በእሾሁ ቀዳዳ ለመይሙና አሾለከችላት። ልጅቷ ቆማ በላች።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ በልቻለሁ። ገበያ ውስጥ ሰው አይጠፋም።»

ደህና ነው።

ሐምሌ 8

በምጽዋት የማይኖር የለም። ዱሮ መጽዋች የነበሩትም ለማኝ ሆኑ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሚስት ዛሬ ክሊኒኩ ደጅ እጇን ስትዘረጋ አየሁና እንዳላያት ሆኜ አለፍኩ። ለምን? እኔ ደመወዜን በላሁ እንጂ አልሰረቅሁም።

ታደሰ በር ላይ፣ «ያቺ ቆማጣ እስካሁን አለች?» አለኝ።

«እያከምኳት ነው።»

«ቆማጣ ናት ወይስ አይደለችም?»

«እየተከታተልኩ ነው።»

ሐምሌ 12

ጀመረ! የቀኝ ክርኗ ዙሪያው ደብዝዟል። ቅርፊቱ ሳስቷል። ሦስት ጊዜ አየሁት፣ በር ላይ አውጥቼም በፀሐይ አየሁት። የእኔ እንዳለ ነው፤ ግን የኔ የቆየ ነው፣ ጊዜ ይፈልግ ይሆናል።

ለሼህ ዘይኑዲን ልነግራቸው ሮጥኩ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ሐምሌ 19

አርአያ ከአላማጣ ወርዶ እኔ ዘንድ ዋለ። የለተ ሚካኤል ታላቅ ወንድም ነው። ምሳ አብረን በላን። እሱም እኔም የበላነው በመስኮት በኩል ወደ ውጭ ላለማየት ጀርባችንን ሰጥተን ነው።

«ቁምጥና ያለባት ሴት በእጅህ ታሻለህ ሲሉ ሰማሁ» አለኝ።

«ቁምጥና አይደለም።»

«ሰው ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም። አባቴ እንዳይሰማ ብዬ ነው። ተጠንቀቅ ወንድሜ።»

እጠነቀቃለሁ አልኩት። እንዲህ ማለቴ ስለ ሽማግሌዎቹ ነው ወይስ ስለ ራሴ? ለማንኛውም ከነገ ጀምሮ እሷን የማክማት በኋላ በር በኩል ነው።

ሐምሌ 27

ጉልበቷ ጠርቷል። ከጆሮዋ ኋላ ያለውም ረግፏል። የቀረው ግራ ክንዷ ነው። በአምስት ሳምንት! የደሴ ሐኪሞች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን?

የኔ ጭራሽ ባሰበት። ምክንያቱ አልገባኝም። መጠኑ አንድ ነው፣ ቅጥራኑም ከአንድ ማሰሮ ነው። ምናልባት ፀሐይ ይሆናል፤ እሷ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ናት፣ እኔ እሸፋፈናለሁ። ወይም የሴት ቆዳ ይቀበል ይሆናል።

ሼህ ዘይኑዲን ዛሬ መጥተው አዩአት። የክንዷን አጥንት ያዝ አድርገው ብዙ ቆዩ። ስንወጣ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ይቺ ሴት እየሻረች ነው ወይስ እያለቀች?»

ተናደድኩ። «ሰው ሁሉ ከስቷል፣ እሷ ብቻ ናት እንዴ? ቆዳዋን ይዩልኝ እንጂ!» አልኳቸው። ሽማግሌ ላይ ድምፄን ከፍ ማድረጌ አሁን ያሳፍረኛል።

«ፈርምላት» አሉኝ።

«ክንዷ ሲጠራ።»

ነሐሴ 2

ዘጠኝ ሞቱ። ዝናብ ጣለ፤ ዘር የለም። መሬቱ ረጥቦ ሰው ቆሞ ያየዋል።

ፍልሰታ ገባ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልቀምስም፤ ያውም ሽሮና ቂጣ። በዚህ ጊዜ መጾም ለሚራበው ሰው ፌዝ ይመስላል። ግን አልተውኩትም።

ነሐሴ 8

የኔም ጀመረው! ክርኔ ላይ ያለው ቅርፊት ሳስቷል። ዘገየ እንጂ ሠራ!

ለዶክተር ሙሉጌታ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ። ሬቱን፣ ቅጥራኑን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ የቀኑን ብዛት፣ የክንዷንና የጉልበቷን ሁኔታ በሳምንት በሳምንቱ አሰፈርኩ። «ከአገራችን ዕፀዋት የሚገኝ መድኃኒት በውጭ አገር ቅባት ያልዳነውን በሽታ ሊያድን እንደሚችል ተስፋ አለኝ» አልኩ። ሁለተኛውን በሽተኛ «ወንድ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት» ብዬ ጻፍኩት። ከቅባቱ ናሙና ጋር ለአውቶቡሱ ሾፌር አደራ ሰጠሁ።

አምላኬ ሆይ፣ በዚህ ሁሉ ሞት መሃል አንድ ነገር እንኳ ቢሳካልኝ።

ነሐሴ 14

ዛሬ ኡሙልኸይርን ቀባኋት። ስትቀመጥ ግድግዳውን ይዛ ነው። ሥራዬን ስጨርስ፣ «ሐኪም፣ መይሙና ትላንት ሩጫ ተጫወተች» አለችኝ። ይህን ስትል ፊቷ በራ።

«ጠርሙሱስ?»

አወጣች። ባዶ ነው።

«ማታ ማታ ትቀቢያለሽ?»

«አንድ ቀን አላለፈኝም» አለች፤ ወደ መሬት እያየች።

ነሐሴ 18

ጾሙ ተፈታ። ከትላንት ወዲያ ቅልጥም በላሁ። ትላንትም፣ ዛሬም ሥጋ ነው።

ክርኔ ዛሬ ጠዋት እንደገና ቀልቶ ተነሣ። አዲሱ ቅጥራን በደንብ አልተጣራ ይሆናል። ለሼህ መንገር አለብኝ።

ነሐሴ 21

ጠራች! በሙሉ ጠራች! ክንዷ፣ ጉልበቷ፣ ከጆሮዋ ኋላም። ያ ሁሉ ቅርፊት የነበረበት ቦታ ላይ ጠቆር ያለ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ፈረምኩ፤ ማኅተምም አደረግሁ። «ተላላፊ በሽታ የለባትም።»

ታደሰ አገላብጦ አየና፣ «ደግ ሠራህ» አለኝ። ዘበኛው በሩን ከፈተ። ከግራሩ እስከ በሩ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። ሦስት ጊዜ ተቀመጠች። በመጨረሻ እኔ ደገፍኳት። ክንዷን ስይዘው ጣቶቼ ዙሪያውን ዞረው ተገናኙ።

መይሙና ሮጣ መጥታ ወገቧን አቀፈቻት።

ንፍሮ በሳህን ሙሉ ተሰጣት። በላች። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ነሐሴ 24

ሞተች።

ንፍሮው ሆዷን ነፋው። ከዚያ እግሯ አበጠ። ትላንት ማታ ትንፋሽ አጠራት፤ ዛሬ ከፀሐይ መውጣት በፊት አለፈች። እንዲህ ተርቦ የቆየ ሆድ ጠንካራ እህል አይችልም፤ ቀጭን አጥሚት በማንኪያ ነበር የሚገባው። ተምሬዋለሁ። አውቀዋለሁ። ቆዳዋን እያየሁ ሆዷን ረሳሁት።

ሪፖርቱ ላይ የሞቷን ምክንያት የምሞላው እኔ ነኝ። ብዕሩን ይዤ ተቀመጥኩ። «አጠቃላይ ድካም» ጻፍኩ።

ነሐሴ 25

ልጽፍ ጊዜ ያገኘሁት ዛሬ ነው። ትላንት ጠዋት የሚያጥባት ጠፋ። የመጠለያው ሴቶች ራቅ ብለው ቆሙ። «ስትመጣ አይተናት የለ፣ ቁምጥና ነበረባት» ይላሉ። አንዷ፣ «ሐኪሙ እንኳ ሁለት ወር ሙሉ አላስገባትም፤ ያለ ነገር ነው?» ስትል ሰማኋት።

ሼህ ዘይኑዲን መገነዣውን ከፈን ይዘው ራቢዓን አስከትለው መጡ። ራቢዓም ቆመች። ክፉ ሴት ሆና አይደለም፤ የልጅ ልጆች ቤቷ አሉ። «ግርማይ፣ እውነቱን ንገረኝ። ውኃው እጄን ይነካዋል» አለችኝ።

የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁ። ሁለቱንም እጅጌ እስከ ብብቴ ሰበሰብኩት። ታደሰ አለ፣ ዘበኛው አለ፣ ሴቶቹ አሉ።

«ይኸው። የሷ በሽታ ይኸ ነው። ስድስት ዓመት አብሮኝ ኖሯል። ቤትሽ ገብቼ በልቻለሁ፤ የልጅ ልጆችሽን ከትቤአለሁ፤ ማን ተያዘ?»

ራቢዓ ክንዴን ብዙ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ እጇን አኖረችበት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ወደ ሬሳው ገባች። ሌላም ሴት ተከተለቻት።

ታደሰ ሊሄድ ሲል ወደ እኔ ተጠጋ። «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልፈረምክም?»



ጳጉሜን 3

መይሙናን ሼህ ዘይኑዲንና ራቢዓ ወስደዋታል። አትናገርም ብለውኛል።

ከአላማጣ አንድ ሰው በአፉ መልእክት አመጣ። የለተ ሚካኤል አባት ነገሩ ይቆይ ብለዋል። ይቆይ ማለት ይቅር ማለት ነው። አርአያ እንኳ ራሱ አልመጣም። እሷ ምን አለች ብዬ መልእክተኛውን ጠየቅሁት፤ «እኔ እሷን አላየኋትም» አለኝ።

በጣም ያመኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እንዳሰብኩት አይደለም። የኡሙልኸይር ይበልጣል።

መስከረም 6 ቀን 1966 ዓ.ም.

የዶክተር ሙሉጌታ መልስ መጣ። ደግ ነው፤ ድካሜን አመስግኗል። ቅጥራኑን ፈረንጆችም ለዚህ በሽታ እንደሚጠቀሙበት፣ በአግባቡ ቢጠና ጥሩ እንደሚሆን ጽፏል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦

«ናሙናውን ወደ አዲስ አበባ ከመላኬ በፊት አንድ ነገር አስረዳኝ። ይህ በሽታ ሰው እህል ሲያጣ በራሱ እንደሚጠፋ በጦርነት ጊዜ በእስር የቆዩ ሰዎችን ያከሙ ሐኪሞች ጽፈዋል። ሰውነት ምግብ ሲያገኝ ይመለሳል። የሴትዮዋን ክብደት አልጻፍክልኝም። በነዚያ ሳምንታት ምን ትበላ ነበር? ወንዱስ በሽተኛ እንዴት ይመገባል?»

ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ደብተሬን ከፍቼ የፍልሰታን ቀኖች ፈለግሁ። ክርኔ የሳሳበትን ቀን። የቀላበትን ቀን።

ሼህ ዘይኑዲን የክንዷን አጥንት ይዘው የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር። እሳቸው የሐኪም መጽሐፍ አላነበቡም።

መስከረም 7

ራቢዓ ቤት ሄድኩ። መይሙና ጓሮ ውስጥ ዶሮዎቹን እያየች ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እንዴት ብዬ እንደምጠይቃት ጨንቆኝ ዶሮዎቹን አብሬያት አየሁ። በኋላ፣ «እማ ግራሩ ሥር ሆና ምን ትበላ ነበር?» አልኳት።

«በልቻለሁ ትለኝ ነበር።»

«ስትበላ አይተሻት ታውቂያለሽ?»

አሰበች። «አላየሁም። ለኔ ነበር የምታሾልክልኝ። ዳቦውን። ዘይቱንም።»

«የቱን ዘይት?»

«በጠርሙስ ያለውን። ንፍሮዬ ላይ ታፈስልኝ ነበር። ጥቁር ነው፣ ይመራል። ግን ጉልበት ይሰጥሻል፣ የሐኪም ነው ትለኛለች።» ቀና ብላ አየችኝ። «እንዳትነግረው ብላኝ ነበር። አንተን።»

«ምንም አይደለም» አልኳት። «ደግ አደረገች።»

ራቢዓ ከበሩ ሆና ሰምታ ኖሮ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

መስከረም 9

ለዶክተሩ ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። የመጀመሪያው «በአካባቢው የምግብ እጥረት ስለነበረ» ይላል። ቀደድኩት። ሁለተኛው «በሽተኛዋ በክትትሉ ወቅት ከመጠለያው ውጭ ስለነበረች» ይላል። ለምን ውጭ ነበረች ብሎ እንደሚጠይቀኝ አውቄ እሱንም ቀደድኩት።

የላክሁት ይህ ነው፦

«ዶክተር ሆይ፣ መድኃኒቱ መሥራቱን አላውቅም። ዘይቱን አልተቀባችውም፤ ለልጇ አበላችው። ቅጥራኑን እኔ ቀብቻታለሁ፤ እኔም ያንኑ ተቀብቼ አልሻርኩም። ወንዱ በሽተኛ እኔ ነኝ፤ ከጾሙ ቀኖች በቀር በቀን ሦስት ጊዜ እበላለሁ። እሷ ዘጠኝ ሳምንት ተኩል ይህ ነው የሚባል እህል አልበላችም። መርፌው እንደሚሰማት የመጀመሪያውን ቀን አይቼ ነበር። መፈረም እችል ነበር። ፈርቼ አልፈረምኩም። ቆዳዋን ያጠራው ረሃብ ነው። እባክዎ ናሙናውን ወደ የትም አይላኩት።»

«ረሃብ» የሚለውን ቃል በመንግሥት ወረቀት ላይ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ።

መስከረም 15

አላባረሩኝም። ያየው የለም። አሥራ አንድ ሞቱ።

እጅጌዬን ሰብስቤ ነው የምሠራው። አንዳንዱ ራቅ ይላል። የሚበዛው ክንዴን ለማየት ጉልበትም የለው።

መስከረም 19

ከሮቢት በላይ ካለ መንደር የመጣ ሙሀመድሰይድ የሚባል ገበሬ ታደሰ ላከብኝ። መዳፉ ተሰነጣጥቆ ይደማል፤ እግሩም እንዲሁ። ቁምጥና ነው ብለው ከለከሉት። መርፌውን ነካ አደረግሁት፣ «አህ!» አለ። ሳይቀመጥ ፈረምኩለት።

ወረቀቱን ይዞ አልሄደም። «መድኃኒቱስ? ሐኪም፣ ቆዳ የሚያድን ቅባት አለህ ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት» አለኝ።

«የለኝም። ሂድና ብላ። ቀጭኑን አጥሚት ስጡኝ በላቸው፤ ንፍሮውን እንዳትነካ።»

እኩለ ቀን ላይ ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት፤ ወረቀቱን በደማው እጁ ከፍ አድርጎ ይዟል። ዘበኛው፣ «ሞልቷል፤ ፊርማ አይሠራም» አለኝ። ታደሰን ፈልጌ አስጠራሁት። «ግርማይ፣ ምን ላድርግ? እህሉ ለገቡትም አልበቃ። ዛሬ ላንተ ብዬ አንድ ባስገባ ነገ መቶ ይመጣል» አለኝ። ውሸቱን አይደለም።

ክሊኒኩን ዘግቼ ከሙሀመድሰይድ አጠገብ ቆምኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ስለ በሬዎቹ አወራኝ፤ አንዱ ዳልቻ ነበር አለ። ከኋላችን ሰው እየመጣ ይሰለፍ ጀመር። እኔ ስለቆምኩ በሩ የሚከፈት መሰላቸው። እንዲሄዱ መንገር ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከውስጥ ሬሳ ወጣ። ዘበኛው ሬሳውን አሳልፎ እኛን አየን፤ ከዚያ ሙሀመድሰይድን በእጁ ጠርቶ አስገባው። በሩንም ዘጋ።

ከኋላችን የተሰለፉት ዘጠኝ ነበሩ። ሁሉም እኔን ያዩ ነበር።